ጋሽ ተመልሷል

ከሺህ ሰው በላይ ያለበት የስልክ ግሩፕ ሁሉ አንድ «ጋሽ ተመልሷል» አለው። የሌለው ካለ ወይ ትናንት የተከፈተ ነው፣ ወይ ሞቶ ቀባሪ ያጣ ነው።

የእኛም ግሩፕ፣ የልብስ ስፌት መኪና ጠጋኞችና ሰፊዎች ግሩፕ፣ የራሱ አለው። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። ፎቷቸው የአሮጌ ስፌት መኪና መዘውር ነው። ስሙን ያወጣንላቸው ለጠየቀ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ስላላቸው ነው፦

«ይህ ጥያቄ ተመልሷል። ወደ ላይ ፈልጉ።»

ወደ ላይ ማለት እንግዲህ አስር ዓመት ነው። የአስር ዓመት ሰላምታ፣ ጭቅጭቅ፣ የአበባ ሥዕልና የተሰበረ መርፌ ፎቶ። ይህን ሁሉ በአውራ ጣት ገፍቶ አንድ መልስ ማግኘት ውሃ በወንፊት ከመቅዳት አይሻልም።

«እኔ ስገባ አስራ አንድ ነበርን» ይላሉ ክቡርነታቸው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ዛሬ አራት ሺህ ነን። ከአስራ አንዱ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። የግሩፑን ደንብ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ያነበቡትም እሳቸው ብቻ። አንዱ የዋህ «መልካም ቀን» ብሎ ጽጌረዳ ቢለጥፍ፣ ጽጌረዳው ሳይጠወልግ «ደንብ ቁጥር አራት» ይሉታል።

እኔ ከሦስቱ አስተዳዳሪዎች አንዷ ነኝ። ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ስድብ ግን በሽበሽ ነው። በአንድ እጄ ልብስ እሰፋለሁ፣ በሌላው የማላውቀውን ሰው ከማላውቀው ሰው አስታርቃለሁ። ደክሞኛል።

ነገሩ የፈነዳው ቅዳሜ ጠዋት ነው። አንዲት ሰፊ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ወገኖቼ ድረሱልኝ! የታችኛው ክር ተተብትቦ የሙሽራ ቀሚስ መርፌው ስር ተነክሶ ቀረ!»

«ይህ ጥያቄ ተመልሷል። ወደ ላይ ፈልጉ።»

«ጋሼ፣ በፈጠረዎት! ሙሽራዋ ደጄ ላይ ቆማ እያለቀሰች ነው!»

«ያኔ ሲጠየቅም ሙሽራ ቆማ ነበር።»

ልጅቷን ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ፣ ጡረታ የወጣው የፋብሪካ መካኒክ፣ በውስጥ መስመር ነገራትና ቀሚሱ ተላቀቀ። እሷም ከዚያ በኋላ ድምፅዋ አልተሰማም። ግሩፑ ግን ተቀጣጠለ።

«ሰውዬው በረኛ ነው እንዴ?»

«በረኛስ ቢሆን በሩን ይከፍታል!»

«ወይ እሳቸው ይውጡ፣ ወይ እኛ እንውጣ!» አሉ ስልሳ ሰዎች ተሰልፈው።

መካኒኩ «ሽማግሌ አይባረርም፤ ይቆዩ» አለ። ሁለተኛዋ አስተዳዳሪ፣ ቦርሳ ሰፊዋ፣ «ይውጡ፤ እኔ በበኩሌ በቃኝ» አለች። ሚዛኑ እኔ እጅ ላይ ወደቀ። እስከ ሰኞ ጠዋት ወስኚ ተባልኩ።

እውነቱን ልናገር፤ ላስወጣቸው ቆርጬ ነበር። እውቀት የሚቆልፍ ሰው አይመቸኝም። እህል በችግር ቀን ከሚደብቅ ነጋዴ በምን ይለያል? ሙያውን ስጀምር የሰፈሩ ሰፊ ሁሉ እጁን እንዳላይ ጀርባውን ይሰጠኝ ነበር። መቀስ አያያዝ እንኳ ያሳየኝ የለም። «እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት» እያልኩ ስንት ዓመት ፎክሬያለሁ።

ሰው ሲባረር ግን በማስረጃ ይሁን ብዬ እሁድ ከሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። «ተመልሷል» የሚለውን ቃል በስልኩ መፈለጊያ ፈለግሁ። አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ጊዜ! ለሦስት ሰው መባረሪያ ይበቃል። የመጀመሪያውን ላግኝ ብዬ ወደ ላይ መውጣት ጀመርኩ።

አምስት ዓመት ወደ ኋላ ስሄድ ቃሉ ሳሳ። ሰባት ዓመት ስሄድ ጠፋ። መዘውሩ ግን አለ። ከመዘውሩ ሥር ረጃጅም መልስ፣ ፎቶ፣ እንደገና ፎቶ፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር የጠቆረ እጅ ክር ይዞ። በየመልሱ መጨረሻ አንድ ቃል አለ፦ «ተሳካ?» ከሥሩ ምንም የለም። በማግስቱ ደግሞ «ወንድሜ፣ ተሳካ?» ምንም። ሰዉ መድኃኒቱን ይወስድና ይሄዳል፤ ተመልሶ ዳንኩ የሚል አንድ እንኳ የለም።

ዘጠኝ ዓመት ላይ አንዲት ጥያቄ አገኘሁ። «የታችኛው ክር እየተተበተበ አስቸገረኝ። መኪናዋ የሰው ናት፤ ብትበላሽብኝ ጉዴ ነው። የምታውቁ ንገሩኝ።» የጠያቂዋ ፎቶ ጥርሷ የወለቀ ትንሽ ልጅ ናት። ልጅቷን አውቃታለሁ። የእህቴ ልጅ ናት። ጥያቄው የእኔ ነው፤ በድሮው ስልኬ የጻፍኩት።

ከሥሩ የመዘውሩ ሃያ ሦስት መልእክት።

«እህቴ፣ አትደንግጪ። መኪናዋ ጤነኛ ናት። ከታች የሚተበተበው በላይኛው ጥፋት ነው።» (ይህን በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚጽፍልኝ ባገኝ!) «የላዩን ክር ነቅለሽ አውጪው። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ወደ ላይ አንሺ። እግሩ ወርዶ ካስገባሽው ክሩ ቦታውን አይዝም። አንስተሽ እንደገና አስገቢ። ፎቶ ይኸው።»

«ፎቶው ጨልሟል፤ ሌላ ይኸው።»

«ተሳካ?»

«እህቴ፣ ተሳካ?»

በማግስቱ፦ «ካልተሳካ ስልኬ ይኸውልሽ። ደውይ፣ አትፍሪ።»

ተሳክቶ ነበር። እስከ ዛሬ ክር ሳስገባ እግሩን አነሳለሁ። ያን ቀን ስልኬን አስቀምጬ ልብሴን ሰፋሁ፤ ከዚያ ማንም አላስተማረኝም ስል ኖርኩ።

አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶው ማስረጃ እጄ ላይ ቀረ። ከዘጠኝ ዓመቱ «ተሳካ?» ሥር፣ አራት ሺህ ሰው እያየኝ፣ ጻፍኩ፦ «ተሳካ ጋሼ። ዘግይቻለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

እየጻፉ መሆናቸውን የሚያሳየው ምልክት መጣ። ጠፋ። መጣ። ደግሞ ጠፋ። ተመልሷል ሊሉኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«እግሩን አንስተሽ ነው?»

«አንስቼ ነው ጋሼ።»

«ጎሽ።»

ሰኞ ጠዋት «ይቆዩ» አልኩ። ከስልሳዎቹ አርባው በሩን ወርውረው ወጡ፤ በሳምንቱ ሠላሳ ስምንቱ ክራቸው ተተብትቦባቸው ተመለሱ።

ማክሰኞ አንድ አዲስ ገቢ ያንኑ የታችኛውን ክር ይዞ መጣ። መዘውሩ ከተፍ አለ፦ «ይህ ጥያቄ ተመልሷል። ወደ ላይ ፈልጉ።»

ሰውዬው አይለወጡም። ደክሞኛል ብያለሁ። ስልኩን ላስቀምጥ ስል አንድ መስመር ጨመሩ፦

«ሲሳካ ንገሩን።»