ተቀምጠው ይነሡ

ሰው የሚደክመው በሥራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በመዝናናትም መድከም እንደሚቻል፣ ያውም በአንድ ቀን፣ ያውም በታተመ መርሐ ግብር፣ በስቶክሆልም ከተማ ያስመሰከረው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የእንግዳ አስጎብኚ ንዑስ ኮሚቴ ነው። ይህ ታላቅ ሥራ ተረስቶ እንዳይቀር ብዬ ነው ብዕር የጨበጥኩት። የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ የተማረ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር። ምን ይደረግ፣ የተማሩት ሁሉ ስብሰባ ላይ ናቸው።

የንዑስ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ አድነው ናቸው። «ከዚህ አንጻር» ሳይሉ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርሱም፤ ከየት አንጻር እንደሆነ ግን እስካሁን ደፍሮ የጠየቃቸው የለም። ወይዘሮ አክበረት የፎቶግራፍና የመረጃ ኃላፊ ናቸው። በዚያ በ2006 በጋ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ አዲስ ዲጂታል ካሜራ ስለገዙ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። ሦስተኛው አባል እኔ ነኝ። ቃለ ጉባኤው «የተገኙ አባላት፦ አቶ አድነው፣ ወይዘሮ አክበረት፣ ወዘተ» ይላል። ወዘተ እኔ ነኝ። ቅር አላለኝም። በዘመን መለወጫው በዓል ከድምፅ ማጉያው ሥር ያስቀመጡኝንም ረስቻለሁ፤ ያልረሳው ግራ ጆሮዬ ብቻ ነው።

እንግዳችን ጋሽ ይገዙ ይባላሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት በትራፊክ ፖሊስነት አገልግለው ጡረታ የወጡ፣ ረዘም ያሉ፣ ግራጫ ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ልጃቸው ሔዋን ስዊድንን ላስጎብኝህ ብላ ከከተማው ወጣ ወዳለው ሰፈሯ፣ ወደ ሶለንቱና፣ አስመጣቻቸው። ሦስት ወር ሙሉ የጎበኙት የልጅ ልጃቸውን ነው። ሕፃኑ ዳጊስ፣ ማለትም የሕፃናት መዋያ፣ እስኪገባ እሳቸው ዳጊስ ሆኑ። ቪዛቸው ሲያልቅና አውሮፕላናቸው ነገ ጠዋት ሊነሣ ሲል፣ ማኅበሩ «አንድ አዛውንት ከተማውን ሳያዩ ቢመለሱ አገር ቤት ምን ይባላል?» ብሎ ደነገጠ። ድንጋጤው ንዑስ ኮሚቴ ወለደ።

በፔንደልቶጉ፣ በከተማ ዳር ባቡሩ፣ ወደ መሀል ከተማ ስንገባ፣ ኮሚቴው በአራት ስብሰባ ያልጠየቀውን ጥያቄ እኔ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

«እኔ?» አሉ፣ ጥያቄው ለሌላ ሰው የመጣ ይመስል። «ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሜ ሰው ሳሳልፍ ኖርኩ። አንዲት ቀን ሰው በሚበዛበት ቦታ ቁጭ ብዬ፣ ሰው ሲያልፍ ማየት ነው የምፈልገው። ቁጭ ብሎ ብቻ። እዚያ ቤት እንደሁ ሕፃኑ አያስቀምጥ።»

«ግሩም ሐሳብ ነው!» አሉ አቶ አድነው። «ከዚህ አንጻር ዐሥራ አንድ ቦታ አዘጋጅተናል።»

ወረቀቱንም ሰጧቸው። በአርባ ቅጂ የተባዛ፣ በሁለት ቀለም የታተመ «የሙሉ ቀን ዘና የማለት መርሐ ግብር» ነው። ከየቦታው ስም ጎን «ዘና ማለት፦ 12 ደቂቃ» ይላል። ከምሳ በኋላ ደግሞ «ጥልቅ ዘና ማለት፦ 15 ደቂቃ»። ለእኔ ሦስት ጠርሙስ ውኃ፣ አራት ጃንጥላና የሰዓት ቁጥጥር ሥራ ተሰጠኝ። ሰማዩ እንደ ሰሐን ጠርቶ ነበር። ጃንጥላው ግን በበጀት ዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ነበረ።

የመጀመሪያው ቦታ ድሮትኒንግጋታን ነው፤ መኪና የማይገባበት፣ የሐምሌ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ የሚፈስበት የገበያ መንገድ። እግዚአብሔር ሲረዳ፣ ከአንድ የጫማ መደብር ፊት ለፊት፣ ጥላ ያረፈበት አግዳሚ ወንበር ባዶውን አገኘን። የጋሽ ይገዙ ፊት በራ።

«ይቀመጡ ጋሼ» አሉ አቶ አድነው።

«ሴት ቆማ? አክበረት፣ ነይ ተቀመጪ ልጄ።»

«ኧረ በሞቴ! እርስዎ ቆመው እኔ? ምነው ባለጌ አደረጉኝ!»

«እንግዲያው አንተ ተቀመጥ አድነው። ሊቀ መንበር ነህ።»

«ሊቀ መንበርነቴ ለማገልገል ነው ጋሼ። እንግዳ ቆሞ ወንበር አልነካም።»

«እሺ፣ አንድ ላይ እንቀመጥ።»

«አራት ነን፤ ወንበሩ የሦስት ነው» አሉ ወይዘሮ አክበረት። «አንድ ሰው ለብቻው መቆሙ ደግ አይደለም።»

ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም እኔን «ተቀመጥ» ያለኝ አልነበረም። ልመናው በሦስቱ መካከል እየዞረ፣ በእናት እየተማለ፣ በልጅ እየተማለ፣ ክንድ እየተያዘ፣ ትከሻ እየተገፋ ቀጠለ። ባህላችን እንዲህ ነው። አንዴ ሲለመን የሚቀመጥ ርካሽ ነው፤ ሁለቴ ሲለመን የሚቀመጥ ችኩል ነው፤ ሦስተኛውን መጠበቅ ጨዋነት ነው። በዐሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ሁለት ስዊድናውያን አሮጊቶች መጥተው፣ ማንንም ሳይለምኑ፣ በማንም ሳይለመኑ ተቀመጡ።

«ሰዓት!» አልኩ። ሥራዬ ነው።

«ቁጥር አንድ ተጠናቋል» አሉ አቶ አድነው፣ ወረቀቱ ላይ ምልክት እያደረጉ። «ዘና ብለናል።»

በዚህ መሀል ቢጫ ባንዲራ የያዘች ሴት እየመራቻቸው፣ ሃያ የሚሆኑ ጃፓናውያን ጎብኚዎች በአጠገባችን አለፉ። አቶ አድነው በሐዘኔታ አዩዋቸው።

«እነዚህን ሰዎች ታያቸዋለህ?» አሉኝ። «በባንዲራ እየተነዱ ይሮጣሉ እንጂ መዝናናት የሚባል አያውቁም። ና፣ ቶሎ በል! ለቁጥር ሁለት አራት ደቂቃ ዘግይተናል።»

ቁጥር ሁለትን በፈጣን እርምጃ አየን። ቁጥር ሦስትን ስናልፍ አየን። ቁጥር አራት ከፓርላማው አጠገብ ያለው የውኃ ዳር ነበር። እዚያ ጋሽ ይገዙ ብልህ ሆኑ፤ ልመናው ሳይጀመር ቀድመው ሄደው አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ። እግራቸውን ዘረጉ። በድልድዩ ላይ የሚተራመሰውን ሰው ተመለከቱ። ረጅም ትንፋሽ ሳቡ። ገና ሳይመልሱት ወይዘሮ አክበረት ካሜራቸውን ደግነው ጮኹ፦

«ይነሡ ጋሼ!»

የፖሊስ ነገር፣ ትእዛዝ ሲሰሙ ብድግ አሉ።

«ኧረ አይነሡ! ተቀምጠው ይነሡ!»

ተቀመጡና ተነሡ።

«እንደሱ አይደለም! ተቀምጠው… ፎቶ ይነሡ ማለቴ ነው!»

አማርኛችን ሀብታም ቋንቋ ነው። ከወንበር የሚነሣንም ፎቶ የሚነሣንም በአንዲት ቃል ያስተናግዳል። ጋሽ ይገዙ ቃሏን እያላመጡ ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጡ፤ ካሜራው ብልጭ አለ።

«ተነሡ?» ብለው ጠየቁ አቶ አድነው፣ ሰዓታቸውን እያዩ።

«ተነሥተዋል» አሉ ወይዘሮ አክበረት።

«እንግዲያው ይነሡ ጋሼ፣ እንሂድ።»

«ቆይ እስቲ» አሉ ጋሽ ይገዙ። «ከተነሣሁ በኋላ ምን ያስነሣኛል?»

«ቁጥር አምስት አለ፣ ጋሼ።»

በዚህ ዓይነት አምስትንም ስድስትንም ፈጸምን። በየቦታው ይቀመጣሉ፤ ይነሡ ይባላሉ፤ ይነሣሉ። ወይዘሮ አክበረት እንደነገሩኝ ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ፤ እንግዳው በሁሉም ላይ ተቀምጠው ነው የሚታዩት። ማስረጃ የሚባለው ይህ ነው። የጥልቅ ዘና ማለቱ ዐሥራ አምስት ደቂቃም ሳንድዊቻችንን በምሥራቅ በኩል እንብላ ወይስ በምዕራብ በኩል በሚል ገንቢ ውይይት ተጠናቀቀ።

ቁጥር ሰባት ጋምላ ስታን፣ አሮጌው ከተማ ነው። በጠባቡ የድንጋይ መንገድ ስንወጣ ጋሽ ይገዙ ጉልበታቸውን ያዝ ያዝ ማድረግ ጀመሩ። አንዴ ብቻ፣ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «ነገ በዚህ ሰዓት አየር ላይ ነኝ» አሉ። አደባባዩ ላይ ስንደርስ ከየመንገዱ የሚመጣው ሕዝብ እዚያ ይገናኛል፤ ይጠላለፋል፤ ይለያያል። መስቀለኛ መንገድ ማለት እሱ ነው። ጋሽ ይገዙም ቆመው ቀሩ። ወንበሩ ሁሉ ግን ተይዟል። ቢጫ ባንዲራዋ አግዳሚው ላይ ተጋድማለች፤ መዝናናት የማያውቁት ጃፓናውያን ተደርድረው፣ ጫማቸውን ፈታ አድርገው፣ አይስክሬም ይልሳሉ።

ከጫፍ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጋሽ ይገዙን ቀና ብለው አዩ። ቦርሳቸውን ወደ ጭናቸው ሳቡና እንጨቱን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። በቃ። በሞቴ የለም፣ በልጅዎ የለም። ጋሽ ይገዙ ተቀመጡ።

ወይዘሮ አክበረት ካሜራቸውን አነሡ። «ይነሡ ጋሼ!»

«አልነሣም።»

«ፎቶ እኮ ነው።»

«በሁለቱም አልነሣም።»

አቶ አድነው ነጡ። «ጋሼ፣ አራት ቦታ ይቀራል! ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ስሉሰን አለ። መርሐ ግብሩ ለአባላት ተበትኗል፤ ከዚህ አንጻር…»

«ልጄ» አሉ ጋሽ ይገዙ፣ ዓይናቸውን ከአደባባዩ ሳይነቅሉ፣ «ከዚህ አንጻር ደህና ይታየኛል። አንተ ግን ፊት ለፊቴ ቆመህ ጋረድከኝ።»

አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፤ በአደባባዩ መሀል ካለው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ፣ በቁም። ምልዓተ ጉባኤው እንዲሟላ ስላስፈለግሁ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ በስሜ ተጠራሁ። አቶ አድነው ጉብኝቱ ያለ እንግዳው ሊቀጥል እንደሚችል በሰፊው አስረዱ፤ እንግዳ የጉብኝት ምክንያት እንጂ የጉብኝት ግዴታ አይደለም። ወይዘሮ አክበረት ግን አንድ ተገቢ ሥጋት አነሡ፦ በቀሩት ፎቶዎች ላይ እንግዳው ካልታዩ መረጃው ይጎድላል። ነገሩ ከበደ። ከበደና ከበደና በመጨረሻ ከአቶ አድነው ጭንቅላት መፍትሔው ፈለቀ።

«ጋሼ» አሉ ጎንበስ ብለው፣ «ባርኔጣዎን ቢያውሱን?»

ጋሽ ይገዙ ምንም ሳይጠይቁ አውልቀው ሰጧቸው። ሰው ሰላም ሲፈልግ ለባርኔጣ አይሳሳም። ባርኔጣው በአቶ አድነው ራስ ላይ ሆኖ ቤተ መንግሥቱን ጎበኘ፤ ስሉሰን ሄዶ መርከብ አየ፤ በታተመው ሰዓት ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት ደቂቃ ዘና አለ። በሁሉም ፎቶ ላይ ከኋላ በኩል ይታያል። ሔዋን በኋላ አይታ «አባዬ በአንድ ቀን አጠረ እንዴ?» አለች አሉ፤ ግን የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ አልገባበትም።

እኔ «እንዳይጠፉ» ተብዬ እንግዳውን እንድጠብቅ ተተውኩ። ከተቀመጡበት ንቅንቅ የማይሉ ሰው እንዴት እንደሚጠፉ አልተብራራልኝም። ጃንጥላዎቹን ታቅፌ አጠገባቸው ቆምኩ።

ራሳቸው ተገልጦ ነፋስ ሽበታቸውን ያነሣዋል። ዓይናቸው ከሕዝቡ ጋር ይሄዳል፣ ይመለሳል። አንዴ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴትና ሣጥን የተሸከመ ሰው ከሁለት አቅጣጫ ሲመጡ፣ የጋሽ ይገዙ ቀኝ እጅ በራሱ ጊዜ ተነሣ፤ መዳፉ ተዘረጋ። ወዲያው አፈሩና እጃቸውን ጭናቸው ሥር አስገቡት።

«ይጋጩ» አሉ ሳቅ እያሉ። «የኔ አይደሉም።»

አልተጋጩም። ሰዎቹ ራሳቸው ተላለፉ። ጋሽ ይገዙ ይህን ሲያዩ የሣቁትን ሣቅ ሦስት ወር ሙሉ የሣቁት አይመስለኝም።

ከዚያ አሮጊቷ አይስክሬማቸውን ጨርሰው ተነሡና ከጋሽ ይገዙ ጎን አንድ ሰው የሚይዝ ቦታ ተከፈተ።

«ና እንጂ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

ከሶለንቱና ጀምሮ ተቀመጥ ያለኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። እግሬ ነዷል። ቢሆንም ሰው ነኝ፤ አስተዳደግ አለኝ።

«ኧረ ግዴለም ጋሼ፣ ይመችዎት።»

«ተቀመጥ በሞቴ።»

«አይ፣ መቆም ይሻለኛል።»

ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ጃንጥላዎቹን ወደ ግራ ክንዴ አዛውሬ፣ ለመቀመጥ የሚያመች አቋም ይዤ ጠበቅሁ። ጋሽ ይገዙ ግን ፊታቸውን ወደ አደባባዩ መልሰዋል። ሁለቴ ምልክት ተሰጥቶት ያልሄደን መኪና ትራፊክ ሦስተኛ አይለምነውም።

ይህን ጊዜ አንድ ጎልማሳ ጃፓናዊ መጥቶ ባዶውን ቦታ በጣቱ አሳየኝ፤ ጎንበስ ብሎ በአክብሮት ጠየቀኝ። እኔም ጎንበስ ብዬ «በሞቴ ተቀመጥ!» አልኩት፣ እሱም ከልቡ እንዲግደረደር እየጸለይኩ።

አስተዳደግ የበደለው ሰው ኖሯል፤ አንዴ ስለው ተቀመጠ።