የጋሽ ጌታቸው ጠረጴዛ አራተኛ እግር

«ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይላል ያገሬ ሰው። ይላል እንጂ አይጠረጥርም። «ይሄ ነገር ደህና ነው ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው እኛ ዘንድ ወይ ነገረኛ ነው ወይ ዋጋ ሊያስቀንስ ፈልጓል። እስቲ አስቡት፣ እኔ ከዚህ ሕዝብ ወጥቼ የጥራት መሐንዲስ ስሆን! በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ናይሮቢ ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያ አጥር ጎን፣ ለትናንሽ አውሮፕላኖች መቀመጫ በሚሠራ ወርክሾፕ ተቀጥሬ ነበር። ሌላው ሰው ሠርቶ ቤቱ ይገባል፤ እኔ ፈርቼ እገባለሁ። ሥራዬን በደንብ የሠራሁ ቀን ምንም አይፈጠርም። ምንም ላልተፈጠረበት ቀን ደግሞ ማን ያመሰግናል?

አንድ ሰሞን ምድጃችን ከልኩ በላይ ግሎ አራት የመቀመጫ እግሮች አበላሸብን። ብልሽቱ በዓይን የሚታይ እንዳይመስላችሁ። ያብረቀርቃሉ፣ ቀጥ ብለዋል፤ ውስጣቸውን ግን ለቄስ። ቆርጠው ካላዩዋቸው በቀር ከደህናዎቹ አይለዩም። እንዲህ ያለውን ቀይ ቀብተን፣ ማንም ተሳስቶ አውሮፕላን ላይ እንዳይገጥመው በመጋዝ ለሁለት እንቆርጠዋለን። እኔ ቀባሁና እንዲቆርጣቸው ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ለጋሽ ጌታቸው ሰጠሁት። ጋሽ ጌታቸው የጎበጠ ምስማር አቃንቶ የሚያስቀምጥ፣ የጠርሙስ ክዳን መጣል የሚከብደው ያገሬ ልጅ ነው። «ይሄን የመሰለ ብረት!» እያለ ሲያገላብጣቸው ትቼው ወጣሁ።

ቅዳሜ ኪሊማኒ ያለው ቤቱ ለምሳ ጠራኝ። እጄን እንኳ ሳልታጠብ አዲስ ጠረጴዛውን ሊያሳየኝ ጎተተኝ። ላዩ መስታወት ነው፤ ከሥሩ ሦስት የሚያብረቀርቁ እግሮችና አንድ የእንጨት እግር አለው። ቀዩ ቀለም በነጭ ጋዝ ተፈግፍጎ ለቋል፤ እኔ ግን እነዚያን እግሮች በጨለማም አላጣቸውም።

«ጋሼ፣ አራተኛውስ?»

«እሱማ ከሁሉም ያምር ነበር፣ ለጠረጴዛ አሳዘነኝ። ከደህናዎቹ ጋር መልሼ ደረደርኩት» አለኝ፣ ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው።

ምሳው ቀረ። በታክሲ ወርክሾፑ ደረስን፤ መደርደሪያው ላይ ያሉት እግሮች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው እንደሆነ ብጠይቀው «እኔስ ምን አልኩህ? ልዩነት የላቸውም» አለኝ። ይባስ ብሎ ከመካከላቸው አንዱ አርብ ማታ ወጥቶ፣ ጠዋት ወደ ሰሜን በበረረ አውሮፕላን ላይ ተገጥሟል። የአውሮፕላኑ ባለቤቶች ቢሮ ደወልኩ። በዚያ መቀመጫ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ለፓይለቱ በሬዲዮ እንዲነግሩልኝ ለመንኩ።

«ፖሌ ሳና ኢንጂነር» አለችኝ ስልኩን ያነሳችው ልጅ፣ በጣም አዝናለሁ ማለቷ ነው፤ «ወደ ናይሮቢ ተነስቷል። መቀመጫውም ሙሉ ነው። ቀስ ብሎ እንዲያርፍ እነግረዋለሁ።»

ፈራሁ። መጋዙን አነሳሁና መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ መቁረጥ ጀመርኩ፤ ምነው መጥፎው እዚህ በሆነ እያልኩ። የመጀመሪያው ውስጡ ንጹሕ ሆነ።

«እሰይ!» አለ ጋሽ ጌታቸው።

ሁለተኛውም ንጹሕ ነው። «እሰይ! አላልኩህም?» ሦስተኛውም እንደዚያው። እሱ በያንዳንዱ ሲደሰት እኔ በያንዳንዱ እሞታለሁ። እዚህ ያሉት ሁሉ ደህና ከሆኑ መጥፎው የት እንዳለ እናንተም አታጡትም። የመጨረሻው ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ ጋሽ ጌታቸው አቀፈኝ። ልገፈትረው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አውሮፕላኑ አረፈ። ሮጠን ደረስን። ከዚያች መቀመጫ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ እየተንጠራራ ተነሳና ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወረደ። ሳላውቀው ልስመው ነበር። እግሩን አስፈትቼ ወርክሾፕ ወስጄ ቆረጥኩት፤ ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳስቷል።

«እስቲ እየው ጋሼ» ብዬ ግማሹን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

አገላብጦ አየው። ከዚያ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ፣ ከአጥሩ ወዲያ ከታክሲ ነጂ ጋር የሚከራከረውን ወፍራሙን ሰውዬ ተመለከተ።

«ታዲያ ሰውዬው በደህና ደረሰ አይደል?» አለኝ። «ምንም የለበትም ማለት ነው።»