በፀሐይ የማይታይ እሳት

የሀገራችን ሳይንስ ባለውለታዎች ሲዘረዘሩ የጓድ ኃይሌ ስም ሳይጠራ መታለፉ፣ ታሪክ ራሱ አንድ ቀን ቆሞ ግለ ሂስ የሚያደርግበት ጉዳይ ነው። እኒህ ሰው በናዝሬት ከተማ ዳር፣ ከከብት ማድለቢያው ጀርባ፣ «የሚቴን ጋዝን ወደ ሲንተሲስ ጋዝ የመለወጫ የሙከራ ጣቢያ ጊዜያዊ አስተባባሪ ኮሚቴ» የሚባል አንድ የቆርቆሮ መጋዘን በሊቀመንበርነት ይመሩ ነበር። ሙሉ ስማቸው ኃይለጊዮርጊስ ነው። ፓርቲው ሲመሠረት ጊዮርጊስን እቤት ትተውት ወጡ፤ ወር በገባ በሃያ ሦስት ግን ሹልክ ብለው ሄደው ይጠይቁታል እየተባሉ ይታማሉ።

ጣቢያው የተቋቋመው ላምባ ስለጠፋ ነው። በዚያ ዓመት በየቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነበር የሚሰለፈው፤ ሰውየው ወረፋውን በጀሪካኑ አስይዞ ስብሰባ ይሄዳል። የበላይ አካል አሰበና ከእበት የሚወጣው ጋዝ በፋብሪካ መንገድ ተለውጦ ነዳጅ ይሁን ሲል ወሰነ። ውሳኔውን ሥራ ላይ እንድታውል የተመደበችው ውጭ አገር ኬሚስትሪ ተምራ የመጣችው ጉዲቱ ናት።

«ልጄ፣ የእበት ጋዝ እንደሆነ ድሮም ይነዳል። ምን አደከመሽ?» ብለው ጠይቀዋት ነበር፣ ቧንቧ የሚበይዱት ሽማግሌው አቶ ገርባ።

«ለመንደድ ብቻ ከሆነ እውነትዎን ነው። ከተለወጠው ጋዝ ግን ፈሳሽ ነዳጅ ይሠራል። በጀሪካን የሚቀዳ።»

አቶ ገርባ «በጀሪካን» የሚለውን ሲሰሙ ብየዳቸውን ቀጠሉ።

ጋዙን የሚለውጡት ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ኒኬል ያለባቸው ጥቁር እንክብሎች ነበሩ። ከወዳጅ አገር የመጣው አንድ ጣሳ ብቻ ነው፤ ሌላ ቢጠየቅ ሁለት ዓመት ይፈጃል። እንክብሎቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ በትኩስ ሃይድሮጂን መዘጋጀት አለባቸው። መጽሐፉ ሁለት ቀን ይበቃል ይላል። መብራት እየጠፋ ሲመጣ፣ እየመጣ ሲጠፋ ሃያ ቀን ፈጀ። በሃያ አንደኛው ቀን ጉዲቱ የእበቱን ጋዝና እንፋሎት ለቀቀች፤ በቧንቧው ጫፍ ክብሪት ስትጭር ቀጭን፣ ውሃ የመሰለ ሰማያዊ ነበልባል ቆመ። ሁለት ዓመት የለፋችበት ነገር ነውና ደስታዋን አልደበቀችም፤ አቶ ገርባን አቅፋ ሳመቻቸው።

በማግስቱ አንድ ወሬ ተሰማ፦ ከበላይ አካል ጎብኚ ሊመጣ ነው። ጣቢያው ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚለው በእሳቸው ዓይን የሚወሰን ነው። ቢዘጋ ጉዲቱ ሁለት ዓመቷን ታጣለች፤ ጓድ ኃይሌ ደግሞ ወደ ቀድሞ ሥራቸው፣ የከሰል ጆንያ ወደሚፈትሹበት ኬላ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሊቀመንበሩ በቀትር ፀሐይ ነበልባሉን ሊያዩ መጡ።

«የታለ?»

«ይኸው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«የቱ?»

ጉዲቱ ጠቆመች። ጓድ ኃይሌ በሳይንሳዊ ጥንቃቄ ጣታቸውን ዘረጉና ወዲያው ሰበሰቡ።

«አለ» አሉ ጣታቸውን እፍ እያሉ። «ግን አይታይም።»

«ፀሐይ ስላለ ነው። ሲመሽ ቁልጭ ብሎ ይታያል።»

«ጓድ ጎብኚ በስድስት ሰዓት መጥተው በሰባት ሰዓት ምሳ ይበላሉ። እሳቸውም ጣታቸውን ይክተቱልሽ?»

«ማንቆርቆሪያ እንጣድበት። ውሃው ሲፈላ ያያሉ።»

«ጓድ ጉዲቱ፣ አብዮቱ የፈነዳው ሻይ ለማፍላት አይደለም።» ትንሽ አሰቡ። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ማነው?»

«ኒኬሉ።»

«እሱ ይውጣ።»

ጉዲቱ አስረዳች። የተዘጋጀ ኒኬል አየር ሲነካው በራሱ ይግላል፣ ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ ተራ ጠጠር ነው፣ ጋዝ አይለውጥም። ጓድ ኃይሌ አንገታቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት። ይህን ያህል ጊዜ በር ተዘግቶበት የሠራ ብረት ከሰፊው ሕዝብ ጋር እንዳይገናኝ የሚከለክል የትኛው መመሪያ እንደሆነ ጠየቋት። መመሪያ ማምጣት ስላልቻለች በጽሑፍ አስጠነቀቀች። መልሱ ባለማኅተም ሆኖ መጣላት፦ «ኒኬሉ በጉብኝቱ ዕለት ከቧንቧው ወጥቶ በክብር እንዲታይ፤ ባለመንደድም በኩል ተገቢውን ትብብር እንዲያደርግ ተወስኗል።»

በዕለቱ ጠዋት ጉዲቱና አቶ ገርባ ነበልባሉን አጠፉ። ቧንቧው እስኪበርድ ጠብቀው እንክብሎቹን አየር ሳያስነኩ ወደ ጣሳ ገለበጡና ከደኑ። አቶ ገርባ «ያ ዋቃዮ» ብለው አምላካቸውን ጠሩና አንድ ባልዲ አሸዋ ጠረጴዛው ሥር አስቀመጡ።

ጠረጴዛው ቀይ ጨርቅ ለብሷል። የወረቀት አበባ አለ፤ ከላይ የሦስቱ ባለጢም መምህራን ሥዕል ተሰቅሏል። ጓድ ኃይሌ ጣሳውን ከፍተው እንክብሎቹን ትሪ ላይ አፈሰሷቸውና ንግግራቸውን ጀመሩ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ምንም የለም። ሊቀመንበሩ ወደ ጉዲቱ በድል አድራጊነት ተመለከቱ።

«አንዳንድ የመጽሐፍ ምርኮኞች ይህ ብረት ሕዝብ ፊት ሲቀርብ ይነዳል በማለት የጨለምተኝነት ወሬ ቢነዙም፣ ብረቱ ግን በጽናት...»

ብረቱ ቀላ። ትሪው ከመሃል ጀምሮ ፍም ሆነ፤ ጨርቁ ተያያዘ፣ አበባው ተከተለ፣ ነበልባሉ ወደ ላይ ተመዞ የመካከለኛውን መምህር ጢም ላሰው። አቶ ገርባ አሸዋውን ደፉበት። ጓድ ኃይሌ አመድ መስለው ቆሙ፤ ዓይናቸው ላይ የከሰል ጆንያ ይመላለስ ነበር።

ጎብኚው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ክብሪት የጫረ አለ?»

«የለም፣ ጓድ» አሉ ሊቀመንበሩ በሞተ ድምፅ።

«ላምባ ነበረበት?»

«ጠብታ የለበትም።»

«ታዲያ እንዴት ነደደ?»

ታላላቅ ሰዎች የሚታወቁት እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

«በራሱ ጥረት ነው፣ ጓድ።»

ጎብኚው አጨበጨቡ፤ እሳቸው ስላጨበጨቡ ሁሉም አጨበጨበ። ራስን የመቻል ተጨባጭ ማስረጃ ማየታቸውን ተናግረው ወደ ምሳ ሄዱ። ስለ ጋዙ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ጉዲቱ በጨለምተኝነት ተገምግማ ዝዋይ፣ የዓሣ መረብ ዕደላ መዝገብ ቤት ተዛወረች። አውቶቡስ ተራ ገብታ ወንበሯን እንደያዘች ጓድ ኃይሌ ቴሌግራም ይዘው በመስኮቱ ሥር ደረሱ። እየሮጡ ስለመጡ ያለከልኩ ነበር።

«እህቴ ጉዲቱ፣ በስምንት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ፣ ከፍተኛው አካል ፊት ይንደድ ተብሏል። ያው ብረት።»

«እሱ ሞቷል፣ ጓድ ሊቀመንበር። እንደገና ለማዘጋጀት ሃያ ቀን ያስፈልጋል።»

«በዘመቻ መልክ ብናደርገውስ?»

«በዘመቻ መልክም ሃያ ቀን ነው።»

«ሦስት ፈረቃ?»

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ጉዲቱ አዘነችላቸው። «የተለወጠውን ጋዝ እንሥራና እሱን አሳዩ፤ ትርኢቱን አስዘግዩት፣ እኔም አሁኑኑ ከአውቶቡሱ እወርዳለሁ» አለቻቸው። ጓድ ኃይሌ ቴሌግራሙን አዩት፣ እሷን አዩዋት፣ ቴሌግራሙን አዩት። ይዘግይ ብሎ ወደ ላይ የጻፈ ሰው እስካሁን አልተወለደም። አውቶቡሱ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የአቶ ገርባ ደብዳቤ ዝዋይ ደረሰ። «እንክብሉን ከዋዜማው ጀምሮ ላምባ ውስጥ ዘፈዘፍነው» ይላል። «ክብሪቱን ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ የጫርኩት እኔ ነኝ። ሽታ ነበረው፤ ግን የፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጉንፋን ይዟቸው ነበር መሰለኝ፣ የተናገረ የለም። ጓድ ኃይሌ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ከእንግዲህ በየወሩ ይንደድ ተብሏል፤ በየጊዜውም ከፍ ያለ ነበልባል ይፈለጋል።»

ጉዲቱ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄደች። ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ባለሱቋ ሽታዬ በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች።

«ዛሬም ላምባ የለም። አትጠብቁ።»

«የት ሄደ?» አለች ጉዲቱ።

«ናዝሬት። ያለ ላምባ የሚነድ ብረት ተገኝቷል አሉ። የአካባቢው ኮታ ባጠቃላይ ለእሱ ይሰጥ ተብሏል።»

ሰልፉ ተንጫጫ። ከጉዲቱ ኋላ የነበሩት አዛውንት ግን ፊታቸው ፈካ።

«ታዲያ ምን ያስከፋችኋል?» አሉ። «ያ ብረት ከደረሰልን እኮ ላምባ የሚባል ነገር አያስፈልገንም» ብለው ጀሪካናቸውን ገልብጠው ተቀመጡበት።