የተጠባባቂው ንጹሕ ማልያ

እግዚአብሔር ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሰካራም፣ አንድ ወሬኛና አንድ ተጠባባቂ መድቧል። ሰካራሙ አንድ ቀን ይሞታል፣ ወሬኛዋ ታገባና ወደ ሌላ ሰፈር ትሄዳለች፤ ተጠባባቂው ግን ከወንበሩ ንቅንቅ አይልም። እናንተም ጋ አለ። ሰርግ ላይ ሚዜው ቢቀር ብሎ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የሚመጣው፣ ከመዘምራኑ አንዱ ድምፁ ቢዘጋ ብሎ ከኋላ ቆሞ ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። በሸንኮራ አገዳ መፍጫው ፋብሪካ ጥግ፣ ላ ካኛዳ በሚባል ሰፈር በምንኖረው ሰዎች ዘንድ ይህ ሰው ክቡር ዶን ሌኦካዲዮ ነው። በዚህ ስሙ የሚጠሩት ግን ቄሱ ብቻ ናቸው። ለሌላው ሁሉ ዶን ምናልባት ነው።

ቤዝቦል ላይ ቀላቢ ማለት ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ወርዋሪው የሚልከውን ኳስ የሚቀበል ሰው ነው። ፊቱን በብረት ጭምብል፣ ደረቱንና ቅልጥሙን በመከላከያ ይሸፍናል። የመፍጫው ቡድን ዋና ቀላቢ እኔ ነኝ። ዶን ምናልባት ደግሞ እኔ ብታመም፣ ብሰበር ወይም ብሞት ቦታዬን ሊይዝ የተቀመጠ ነው። ታዲያ እኔ እንደ በሬ ጤነኛ ነኝ፤ ሞቴን እንዳይመኝ ደግሞ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ሁለት አበልጆች በአንድ ቦታ ላይ ያረጀነው፣ እኔ ሜዳ ውስጥ፣ እሱ ከሜዳው ጠርዝ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

እሑድ እሑድ ሜዳ የሚደርሰው ከዶሮዎቹ ቀጥሎ ነው። ቅልጥሙን ያስራል፣ ደረቱን ይታጠቃል፣ ጭምብሉን አናቱ ላይ ይሰቅልና ፀሐይ ላይ ቁጭ ይላል። የመጨረሻው ዙር እስኪያልቅ አንዱንም አያወልቅም። ከእሱ በፈሰሰው ላብ አገዳ ይበቅል ነበር።

«አበልጄ፣ ኧረ ደረትህን እንኳ ፍታው፤ ትቀቀላለህ» እለዋለሁ።

«ብትፈልጉኝ እዚሁ ነኝ» ይለኛል።

ይህችን ቃል ልጅ አዋቂው ያውቃታል። ሱቁ በር ላይ ዶሚኖ ሲጫወቱ ያው ነው። ዶሚኖ የአራት ሰው ጨዋታ ነው፤ ዶን ምናልባት አምስተኛው ነው። ከአንዱ ወንበር ኋላ ይቆማል፣ አንዱ ለሽንት ሲነሣ ወንበሩን በእጁ ይይዝለታል እንጂ አይቀመጥበትም። ሟች ሲሸኙም ሬሳ ሳጥኑን ስድስት ሰው ሲሸከም እሱ ሰባተኛ ሆኖ ትከሻውን እያመቻቸ ከጎን ይሄዳል።

ሥራ ፈት ነው እንዳትሉኝ። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት የወርዋሪያችንን የራዳሜስን ክንድ የሚያሟሙቀው እሱ ነው። ራዳሜስ ቁጡ ነው፤ ከሚስቱ ጋር የተጣላ ዕለት ኳሱ ጣራ ለጣራ ነው የሚሄደው። ዶን ምናልባት ግን ኳሱ ጓንቱ ውስጥ ገባም፣ ዶሮ መታም፣ «ዛሬ ክንድህ በረከት አለው» ይለዋል። ሌላ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ቄስ ጸበል ሲረጭ ኃጥእና ጻድቅ እንደማይለይ ሁሉ እሱም አይለይም። ቢሆንም ራዳሜስ ያችን ቃል ሳይሰማ ወርውሮ አያውቅም። እኔም ብሆን፣ ሯጭ እንደ ኮርማ ሲመጣብኝ ሳልሸሽ የቆምኩት ከኋላዬ ሰው ስላለ ነው። ይህን ለራሱ ነግሬው አላውቅም። አበልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም።

ሚስቱ ካሲልዳ ነበረች። ነበረች የምለው ባለፈው ዓመት አገዳ ቆረጣው ሲጀመር ስለሞተች ነው። የእሷን ነገር ለመረዳት ሰኞን ማወቅ ያስፈልጋል። ሰኞ የተጫዋች ሚስቶች ሁሉ ማልያና ሱሪ ይዘው ከቤቴ ፊት ለፊት ካለው ቦኖ ይሰበሰባሉ። የሜዳችን አፈር ቀይ ነው፤ የመፍጫው አሮጌ ጭስ ማውጫ ሲፈርስ ጡቡን ፈጭተን ያለበስነው ነው። ሴቶቹ ሜዳ ባይመጡም ጨዋታውን ከልብሱ ያነቡታል። ጉልበቱ የቀላ ሮጧል፣ ደረቱ የቀላ ወድቋል፣ ንጹሕ የሆነ ደግሞ ተቀምጧል።

ካሲልዳ ታዲያ ባሏ ተቀምጧል እንዲባልባት አልፈለገችም። እሑድ ማታ ከጓሮዋ አፈር ትዘግንና የሱሪውን ጉልበት ታሽበት ነበር። ሰኞ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ «ይሄ ሰውዬ እኮ ጨረሰኝ፤ ልብስ አይበረክትለትም» እያለች ትፈትጋለች። ችግሩ የጓሮዋ አፈር እንደ አገር ምድሩ ሁሉ ጥቁር መሆኑ ነው። በላ ካኛዳ ቀይ አፈር ያለው ሜዳው ላይ ብቻ ነው። ሴቶቹ በመጀመሪያው ሰኞ ዐወቁ። አንዲቷም ትንፍሽ አላለችም፤ ከመሐላቸው ባለ መጥረቢያ ምላሷ ዶኛ ኤውፌሚያ እንኳ «አይዞሽ፣ የእኔውም ያው ነው» ነበር የምትላት። ይህን የነገረችኝ ባለቤቴ ያኒራ ናት፤ ለሰው ብናገር እራት እንደማላገኝ አስጠንቅቃኝ ነው።

ካሲልዳ የተቀበረች ሳምንት፣ ለሟች የሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ሳያልቅ፣ እሑድ ጠዋት ዶን ምናልባት ታጥቆ ወንበሩ ላይ ተገኘ። አሰልጣኛችን ዶን ፖሊካርፒዮ ደነገጠ።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ቤትህ ሰው ተቀምጦልህ የለም ወይ?»

«የተቀመጡት ለእሷ ነው» አለ ዶን ምናልባት። «እነሱ ሲሄዱ ማን አለኝ?»

ከዚያ ወዲያ ልብሱን ራሱ ያጥብ ጀመር። ሴቶቹ ሁሉ ከሄዱ በኋላ ብቻውን ይመጣል፣ ንጹሑን ሱሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ ይጨምቀዋል፣ አጥሩ ላይ ያሰጣዋል። ቀይም ጥቁርም የለበትም። ያ ሱሪ ሲወዛወዝ ከበረንዳዬ አየው ነበር።

በዘንድሮው የውድድር ወቅት መጨረሻ ላይ ዶን ፖሊካርፒዮ ሁላችንም ባለንበት ተናገረ። ዶን ምናልባት ሃምሳ ሊሞላው ነውና ማልያው ለወጣት ይሰጣል፤ ከጎረቤታችን ከሎማ ሴካ ቡድን ጋር የምናደርገው የመጨረሻ ጨዋታ ሲያልቅ አጥቦ ይመልስ።

«ልክ ነህ ዶን ፖሊካርፒዮ» አለ አበልጄ። «እስከዚያው ብትፈልጉኝ እዚሁ ነኝ።»

አንድም ቀን ሳይጫወት ሊሰናበት ነው። እኔም ዘዴ ያልኩትን አሰብኩና ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ባለው እሑድ እያነከስኩ ሜዳ ደረስኩ።

«ጉልበቴ፣ አበልጄ። ዛሬ ያንተ ቀን ነው።»

ጉልበቴን አላየም፤ ያየው ዓይኔን ነው።

«ትናንት ጣራ ላይ ወጥተህ ቆርቆሮ ስትመታ አልነበር?»

«ማታ ነው የጀመረኝ።»

«ስማኝ፤ እኔ የተቀመጥኩት ሰው ሲጎድል ልሞላ ነው። ለምጽዋት አልተቀመጥኩም። ሂድና ተጫወት።»

እያነከስኩ መጥቼ እየሮጥኩ ገባሁ። ሎሌው እንደሰደበው ጌታ ፊቴ ቀልቶ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ መጣ። የመጨረሻው ዙር ላይ ሎማ ሴካን በሁለት ነጥብ እየመራን፣ ሁለት ሯጮቻቸው ጣቢያዎቹ ላይ ቆመው፣ አንድ ሰው ብናስወጣባቸው ጨዋታው የሚያልቅ ሆኖ ሳለ መቺው የጨረፈው ኳስ መጥቶ አውራ ጣቴን አገኘው። ድምፁን ከሕመሙ በፊት ሰማሁት። ጓንቴን ሳወልቅ ጣቴ ወደማያውቀው አቅጣጫ ዞሯል። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞረ። ዶን ምናልባትም ዞረ፤ ማን እንደሚገባ ለማየት ወደ ኋላው ተመለከተ።

«ምን ታያለህ? ግባ እንጂ» አለው ዶን ፖሊካርፒዮ።

«ማን? እኔ?»

ተነሥቶ ጭምብሉን ፈለገ። ከወንበሩ ሥር አየ፣ ከውኃው ጀሪካን ኋላ አየ። አናቱ ላይ እንዳለ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ እሱ ገባ፣ እኔ ቦታው ላይ ተቀመጥኩ። ጣውላው በእሱ ልክ ጎድጉዷል። ከዚያ ሲታይ ሜዳው ሩቅ ነው፤ ሰው ሁሉ ጀርባውን ነው የሚሰጥህ። ለካ አበልጄ ይህን ሁሉ ዘመን የኖረው እንዲህ ነው አልኩ፤ ጣቴን ትቼ ለእሱ አዘንኩ።

የመጀመሪያውን ኳስ አሳለፈው። በብብቱ ሥር ሾልኮ ከኋላው ከዶሮዎቹ መሐል ሲገባ አንድ ሯጫቸው ነጥብ አስቆጠረ፣ ሌላው ከነጥብ በፊት ያለችውን የመጨረሻዋን ጣቢያ ያዘ። የምንመራው በአንድ ነጥብ ብቻ ሆነ።

«ወንበሩንም አምጡለት!» አለ ከሎማ ሴካ ሰዎች አንዱ። ሳቁ አገዳው ድረስ ተሰማ።

ዶን ምናልባት ቀስ ብሎ ወደ ራዳሜስ ሄደ። የተባባሉትን ኋላ ያጫወተን ራዳሜስ ነው።

«ዛሬ ክንድህ በረከት አለው።»

«ሁሌም የምትለኝ ይህንኑ ነው።»

«ሁሌም ነዋ። ተሳስቼ አውቃለሁ?»

ራዳሜስ በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሳቀ። ስቆ ወረወረ። መቺው ኳሷን ወደ ሜዳው መሐል ሰደዳት፣ ሯጩም ነጥብ ወደምትቆጠርባት ነጭ ሰሌዳ ከነፈ። ከደረሰ እኩል ነን፤ ኳሱን በያዘ እጅ ቀድሞ ከተነካ ጨዋታው አለቀ። ልጆቻችን ኳሱን ሲልኩት አበልጄ ተንበርክኮ ሰሌዳዋን በገላው ዘጋት። ሰውየው እንዳለ መጣበት። ቀይ አቧራ ተነሥቶ ሁለቱንም ዋጣቸው፣ ዳኛውም እጁን ሳያነሣ ጎንበስ ብሎ ጠበቀ። በመጀመሪያ ከአቧራው የወጣው ጓንቱ ነው፤ ኳሱ ውስጡ አለ።

እስከ ሱቁ በር በትከሻ ተሸከምነው። የዚያን ዕለት ስድስት ሆነን የተሸከምነው እሱን ነው። ዶን ፖሊካርፒዮም ጣቴንና አበልጄን እያፈራረቀ ካየ በኋላ «ማልያውን አትመልስ፤ እጠበውና ያዘው» አለ። ዶን ምናልባት አንድ ብርጭቆ ሩም ጠጥቶ ሳይመሽ ተነሣ። ከበረንዳዬ ሆኜ አየሁት፤ ያን ቀይ ልብሱን እንደለበሰ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ቆይቶ በሩን በስሱ መታው። ከዚያ ቁልፉን ከኪሱ አወጣ።

ሰኞ ሴቶቹ ሁሉ ቦኖው ጋ እንዳሉ መጣ። ሱሪውን ገልጦ ሲያስቀምጠው ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ከጉልበት እስከ ወገብ ቀይ ነው። ውኃ ከፈተበትና ይፈትገው ገባ፤ በፈተገው ቁጥር ቀዩ ይሰፋል።

«ካሲልዳ እንዴት እንደሚለቅ አላሳየችህም?» አለች ዶኛ ኤውፌሚያ። ካለች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

አበልጄ ቀና አላለም።

«ካሲልዳ የምታውቀው ጥቁሩን ነበር» አለ። «ከጓሮ ስትዘግን በመስኮት ሆኜ አያት ነበር። አንድ ቀን እውነተኛውን አመጣላታለሁ እያልኩ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ዶኛ ኤውፌሚያ ባልዲዋን ከሥሩ ጎተተችለት፣ ያኒራም ቤት ገብታ ሎሚና ጨው ይዛ ወጣች። ሁለቱ ግራና ቀኝ ተቀምጠው እንዴት እንደሚታሽ አሳዩት። ቀዩ ውኃ በቦዩ በኩል በደጄ አለፈ።

«ከጉልበቱ ላይ ያለውን ግን ተዉት» አላቸው። «ትንሽ ይቅር።»

እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ከበረንዳዬ ወርጄ ደህና በሆነው እጄ ባልዲውን ያዝኩለት።

«አበልጄ፣ ብትፈልገኝ እዚሁ ነኝ» አልኩት።

«ቀጥ አድርገህ ያዘው» አለኝ፤ «እየፈሰሰ ነው።»