ዝዋይን በወረቀት ያወቁት አቶ ወልደአማኑኤል

ሰው በሰፈረበት አገር ሁሉ አንድ የሽርሽር ሹም አይጠፋም። ማንም አልሾመውም፤ ራሱን ሾሞ ነው የሚገኘው። እገሌ ሁለት ቀን ዕረፍት አገኘ ሲባል ከመቅጽበት ደጁ ላይ ይቆማል። የት እንደሚሄድ፣ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት ቁጭ ብሎ ምን እያየ ምሳውን እንደሚበላ ይነግረዋል። እሱ ራሱ ግን የትም ሄዶ አያውቅም። የሹመቱ ዋና ምልክትም ይኸው ነው።

የአዳማው ሹም ክቡር አቶ ወልደአማኑኤል ነበሩ። "ክቡር" ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ መንግሥት የሚያውቃቸው በስልከኛነታቸው ብቻ ነው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ቤት ተቀምጠው የስልኩን እጀታ ያዞራሉ። እኔ ጣቢያው ውስጥ ዕቃ ተረካቢ ስለነበርኩ በቀን ሦስት ጊዜ እንገናኛለን፤ ሦስቱንም ጊዜ መንገድ ያወጡልኛል።

ስልክ ሊደውል የመጣ ሰው መጀመሪያ ይመረመራል። "ከወዴት ነው የመጣኸው? በየት በኩል? አዋሽ ሞልቷል? ጭላሎ መታየት የሚጀምረው ከየትኛው ጋራ ላይ ነው?" መልሱ ካላረካቸው መስመሩ ተይዟል ይባላል። እንዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠይቁ ኖረው የሶደሬን ፍል ውሃ፣ ዝቋላ አናት ላይ ያለውን ሐይቅ፣ በዝዋይ ደሴት የተቀመጡትን የብራና መጻሕፍት ሳይቀር አሳምረው ያውቃሉ። እሳቸው ግን ከባቡሩ የውሃ ጋን ማዶ አልፈው አያውቁም። ስልኩን የሚይዝልኝ ሰው የለም ይሉ ነበር፤ እውነትም አልነበረም።

"ዋናው ቅደም ተከተል ነው!" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው። ተራራ ከሐይቅ በፊት፣ ፍል ውሃ ከምሳ በኋላ። አለማየሁ የሚባል ጓደኛዬ ባገባ ሰሞን ሙሽራይቱን ወደ ቦኩ ፍል ውሃ ሊወስዳት አሰበና ምክር ጠየቃቸው። መንገዱን በአራት ወረቀት ጽፈው ሰጡት። "ትልቁ ግራር ጥላ ሥር ዕረፉ" ይላል አንዱ ትእዛዝ። በዚያ መንገድ ከትልቅ ግራር በቀር ምን አለ? ሙሽሮቹ ትእዛዝ እንዳያፈርሱ ብለው አሥራ አንድ ግራር ሥር አርፈው ፍል ውሃው ጋ የደረሱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

አንድ ግሪክ ባለሱቅ ደግሞ ዝቋላን ማየት ፈልጎ ነበር። አቶ ወልደአማኑኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲጽፉ ሰውየው ታክቶት ሄዶ ተመለሰ። በጣም ተቆጡ። "በየት በኩል ነው የወጣኸው?" ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። "ታዲያ አንተ ያየኸው ጀርባውን ነው፤ አልተቆጠረልህም" አሉና እንደገና እንዲወጣ መከሩት።

እንዲህ ስስቅባቸው ኖሬ እኔም እጃቸው ላይ ወደቅሁ። ያሳደገችኝ አክስቴ እቴቴ አረጋሽ ናት። ልጅ ሳለሁ ንዳድ ይዞኝ ልሞት ስል፣ "ይህን ልጅ አትርፊልኝና ዝዋይ ደሴት ድረስ መጥቼ ደጅሽን በዓይኔ አያለሁ" ብላ ለጽዮን ማርያም ተሳለች። እኔ ዳንኩ፤ ስለቱ ግን ዛሬ ነገ ሲባል ሃያ ዓመት አለፈው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ግራ ዓይኗን ሞራ ጨርሶ ሸፈነው፤ ቀኙንም ይጋርደው ጀመር።

"ሐዲስ" አለችኝ አንድ ቀን፣ "የዘንድሮዋ ኅዳር ጽዮን ካመለጠችኝ የከርሞዋን አላያትም። እኔ ደግሞ በዓይኔ ብያለሁ።"

ይህን ስልክ ቤት ሄጄ ተናገርኩ። አቶ ወልደአማኑኤል የስልኩን እጀታ ለቀቁ። ከዚያ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠየቁ፤ ተተኪም ከአዲስ አበባ ተላከላቸው። "እመት አረጋሽን እኔ ራሴ አደርሳቸዋለሁ" አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ደስታም ፍርሃትም እንቅልፍ ነሱኝ።

አሥራ ሰባት ወረቀት ተጻፈ። በመቂ በኩል መሄድ ይቀርብ ነበር፤ እሳቸው ግን እንቢ አሉ። "በመቂ የሄደ ሰው ሐይቁ ላይ ድንገት ነው የሚወድቀው። በሁሩታ ከመጣ ግን ከኮረብታ ላይ ቀስ እያለ ያየዋል። ለአንድ ዓይን የሚሻለው የቱ ነው?" አሉ። በመንገዳችን ሶደሬ ገብታ ጉልበቷን እንድትታጠብም አሰቡ። ኅዳር አሥራ አራት ተነሥተን አሥራ ስምንት ከሐይቁ ዳር እንደርሳለን፤ ለበዓሉ ሦስት ቀን ይተርፈናል። በወረቀቱ ላይ አንድም እንከን አልነበረም።

ከዚያ ለክብራችን ሲሉ አንድ ስሕተት ሠሩ። በመንገዱ ላይ ላሉት ወዳጆቻቸው ሁሉ፣ "በዚህ ቀን በደጅዎ እናልፋለን" ብለው መልእክት ላኩ። በአገራችን መልእክት የላከ እንግዳ አያልፍም። ሳይታሰብ የደረሰ መንገደኛ ውሃ ጠጥቶ ቢሄድ ማንም አይቀየመውም። እመጣለሁ ብሎ የላከ ግን የተጠበቀ ሰው ነው፤ ተደግሶለታል፣ ጎረቤት ተጠርቶለታል። አቶ ወልደአማኑኤል የበቅሎውን እርምጃ ቆጥረው ቤቱን ሳይቆጥሩ ቀሩ።

መልካሳ ላይ እስላሙ ወዳጃቸው ወዬሳ ጠበቀን። እንድንበላለት ብሎ ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ሙክት አሳርዷል። ለምሳ ብለን ገብተን አደርን፤ ይባስ ብሎ በማግስቱ በቅሎውን ጭኖ እሸኛችኋለሁ ብሎ ተከተለን። ሶደሬ ላይ እቴቴ እግሯን ፍል ውሃው ውስጥ ነክራ ጥቂት ሳቀች። ከሶደሬ ወዲያ መርዳሳ የሚባል ሌላ ወዳጃቸው ሁለት ቀን ያዘን። አቶ ወልደአማኑኤል ማታ ማታ ወረቀታቸውን እያወጡ ቀን ይሰርዛሉ። መጀመሪያ በእርሳስ ይሰርዙ ነበር፤ ኋላ ላይ ወረቀቱን ሳያወጡት ቀሩ።

ሁሩታ አጠገብ ወይዘሮ ደራርቱ ቤት የደረስነው ኅዳር አሥራ ስምንት ወደ ማታ ነው። ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ አዲስ አበባ ያለ ወንድማቸውን ለማነጋገር ስልክ ቤት ይመላለሱ ስለነበር ከአቶ ወልደአማኑኤል ጋር ይተዋወቃሉ። መልእክቱ አሥራ ስድስት ነው የሚለው። ጎረቤት ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል።

"አካም ጅርቱ፣ እንደምን ናችሁ! ኮታ፣ ኑ ግቡ!" ብለው በደስታ ተቀበሉን። ጭኮ ቀረበ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል። ለከበረ እንግዳ የሚሠራ ነው። ችግሩ ጾመ ነቢያት ከገባ አራት ቀን መሆኑ ነው፤ ሴትየዋ የእኛን ጾም አይጾሙም። እቴቴ እጇን ሰበሰበች፤ እኔም ሰበሰብኩ።

ጠዋት ተነሥተን እንሂድ ስንል የሴትየዋ ፊት ተለወጠ። "ሰው ፊት ልታዋርዱኝ ነው? መልእክት ላካችሁ። ጎረቤት ጠራሁ። ጭኮ ሠራሁ። አንዱን እንኳ ሳትቀምሱ ስትወጡ ሰው ምን ይለኛል? ጾም ከሆነ ሌላ ይሠራል። ነገ ከነገ ወዲያ ጎረቤት ይመጣል፣ ትበላላችሁ፣ ከዚያ ትሄዳላችሁ።"

ነገ ከነገ ወዲያ ማለት ኅዳር ሃያ አንድ ነው። ሐይቁ ከዚያ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነበር። አስቀይመን እንዳንወጣ የሰው ቤት ነው፤ እንዳንቆይ ቀኑ አለቀ። እቴቴ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና፣ በቀኙ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ታያለች። ከዚያ ሆና አንዳች የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለቱ የተሳለው ለእኔ ነበር።

አቶ ወልደአማኑኤል አዩዋት። ኮታቸውን አስተካከሉና ወደ ወይዘሮ ደራርቱ ቀረቡ።

"መልእክቱን የላከው ማን ነው?" አሉ።

"አንተ ነህ።"

"እንግዲያው እንግዳው እኔ ነኝ። እነዚህ አጃቢዎቼ ናቸው፤ ይሂዱ። እኔ እቆያለሁ።"

"አንተስ ጾመኛ አይደለህም?"

"አይደለሁም" አሉ።

እኔ ደንግጬ አየኋቸው። የአዳማ ሰው ጾም መቼ እንደሚገባ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው፤ በቁርጠት የታመሙ ዕለት እንኳ ወተት አልቀመሱም። አሁን ግን ገበታው ፊት ተቀመጡ፣ ከጭኮው በእጃቸው ዘግነው ጎረሱ፣ ደግመው ጎረሱ። ወይዘሮ ደራርቱ ትክ ብለው ሲያዩዋቸው ቆዩና ፊታቸው ተፈታ። "በል ሌላ ጨምር" አሏቸው።

"ሂድ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ?" አሉኝ አፋቸው እንደ ሞላ። "ወዬሳ መንገዱን ያውቃል። ኮረብታው ላይ ስትደርሱ እመት አረጋሽን ከበቅሎ አውርዳቸው። ቆመው ይዩት።"

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ኮረብታው ላይ አወረድኳት። ሐይቁ ከታች ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ አይደለም፣ ወተት ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስላል። እቴቴ ግራ ዓይኗን ሸፍና ደሴቶቹን አንድ፣ ሁለት እያለች ቆጠረች። አምስት ሞሉላት። በታንኳ ተሻግረን በበዓሉ ዕለት ደጁን ሳመች፤ አንድ ሽማግሌ ቄስም የጥንቱን ብራና ገልጠው በቅርብ አሳዩአት። አለቀሰች። ስንመለስ ታንኳው ላይ፣ "ያ ሰው ግን ሳያይ ቀረ" አለች።

ሁሩታ ስንደርስ አቶ ወልደአማኑኤል አጥር ጥግ ተቀምጠው፣ ጎረቤት ከቧቸው፣ ለአንድ ሽማግሌ የሶደሬን መንገድ ያወጡለታል። "አንድ ቀን ተኩል ነው ጋሼ፤ ልውሰድዎትና አይተው ይመለሱ" አልኳቸው። ፈቃዳቸው አልቆ ነበር። ወደ አዳማ ስንመለስ በቅሏቸውን ከእቴቴ በቅሎ ጎን ለጎን አድርገው ሦስት ቀን ጠየቋት። ሸምበቆው በየት በኩል ነው? ደሴቱ ሲቀርብ መጀመሪያ የሚታየው ዛፉ ነው ቤተ ክርስቲያኑ? እሷም አንዴም ሳትሰለች ነገረቻቸው። ከተማ እንደ ገቡ የንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄደው ጾም መግደፋቸውን ተናዘዙ፤ መቶ ስግደት ታዘዘባቸው። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ስንት ቀን እንደ ፈጀባቸው ጎረቤት ስለሆንኩ አውቃለሁ።

የእቴቴ ቀኝ ዓይን በሚያዝያ ጨርሶ ተጋረደ። በሰኔ ስልክ ልደውል ሄጄ ስጠብቅ፣ አንድ የጅማ ነጋዴ ስለ ዝዋይ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ኮረብታውን፣ የውሃውን መልክ፣ አምስቱን ደሴት በዝርዝር ይነግሩታል።

"እርስዎ በዓይንዎ አይተውታል?" አላቸው ነጋዴው።

አቶ ወልደአማኑኤል የስልኩን እጀታ ማዞር ጀመሩ።

"እንዴ፣ እንዴታ!" አልኩ እኔ ከኋላ። "አብረን አይደል ያየነው።"

ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ ተናዝዤው አላውቅም፤ የምናዘዝበት ነገር አልታየኝም።