ምንም የማያስፈራት ጓደኛዬ

በአስፈሪ ፊልም የማይደነግጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዘሃራ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። ፈረንጆች በጥቅምት ሃሎዊን የሚሉት እርስ በርስ የሚያስፈራሩበት በዓል እንዳላቸው ከስልኳ አየችና «እኛም ቅዳሜን በአስፈሪ ፊልም እናሳልፍ» አለችኝ። መካነ ሰላም ከተማ ካለ ፊልም ቤት ዘጠኝ ፊልም በፍላሽ አስጭነን፣ እነሱ ቤት ጓዳ ተቀምጠን መምረጥ ጀመርን፤ መምረጥ ከተባለ። ከመቃብር የሚወጣውን «ምስኪን፣ ርቦት ነው» ብላ ዘለለችው። መስታወት ውስጥ የምትታየዋን ሴትዮ «ፀጉሯን የሚያበጥርላት አጥታ ነው» አለች። ትራስ ያቀፍኩት እኔ ነኝ።

«አንቺማ ማስታወቂያም ያስፈራሻል» ትለኛለች።

አምስተኛው ላይ ስንደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎን ገብተው አባቷን «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን። እሺ ሳይሉን አንቀመጥም» ሲሏቸው ሰማን። ዘሃራ ፊልሙን አቆመችው። ትራሱን ከእቅፌ ወስዳ አቀፈችው።

«የላካቸውን ሰውዬ አልፈልገውም። አባቴ ፊት ግን አፌ አይፈታም። በአላህ፣ አንቺ ንገሪልኝ» አለችኝ።

አባቷም ልጃቸውን በሰው ፊት ማሳፈር ስላልፈለጉ እኔን ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ልቧን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምን ትላለች?»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ተደግፈው አዩኝ። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።

«እርስዎ ያሉትን ትላለች» አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጓዳ ስመለስ ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

ፈሪ ሰው ማንንም አይጎዳም የምትሉ ካላችሁ እሷን ጠይቋት። ሰርጓ ለጥር ተቆርጧል።