የቦቢላችን የቀለም ዘመን

ሕዝብ ሁሉ የሚኮራበት ዘመን አለው። የድንጋይ ዘመን የነበራቸው አሉ፤ የብረት ዘመን የነበራቸውም አሉ። በኦስሎ የሚገኘው የመረዳጃ ማኅበራችን ደግሞ የቀለም ዘመን ነበረው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 በጋ እስከ 2016 በጋ የዘለቀ። እኔ ይህን ዘመን በኮሚቴ አባልነት ለመኖር ከታደሉት ጥቂቶች አንዱ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በእትዬ ወይንሀረግ ነው። እትዬ ወይንሀረግ በአረጋውያን መኖሪያ ብዙ ዓመት ሲሠሩ ወገባቸውን የጎዱ፣ በማኅበራችን ውስጥ ያላስታመሙት ሰው የሌለ ሴት ናቸው። ኖርዌይ የገቡ ጊዜ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፉት በሰሜን ኖርዌይ፣ ከቦዶ ከተማ ወዲያ በጀልባ በሚደረስ የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በስደተኞች መቀበያ ውስጥ ነበር። እዚያ ሶልቬግ የምትባል ሴት የራሷን ቦት ጫማ አውልቃ ሰጠቻቸው፤ ቋንቋ አስተማረቻቸው፤ የእናታቸው መርዶ የመጣ ዕለትም ቤቷ ወስዳ አስተኛቻቸው። አሁን ሶልቬግ አርጅታለች። በዚያ ዓመት ደውላ፣ ሳልሞት ልይሽ ብላቸው ነበር። እትዬ ወይንሀረግ ግን አገር ከለቀቁበት ቀን ወዲህ አውሮፕላን ላለመሳፈር ምለዋል፤ ወገባቸውም ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይችልም። ተኝተው ካልሆነ አይጓዙም።

ማኅበሩም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስመሰግን ሥራ ሠራ። አዋጣንና ከአንድ ጡረተኛ ባልና ሚስት አሮጌ ቦቢል ገዛን፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ቤትም መኪናም የሆነ ነገር። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ጣሪያው አያፈስም። የቀረው ነገር መንዳት ብቻ ነበር፤ የማኅበሮችን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ግን አደጋው የሚመጣው ልክ እዚህ ላይ መሆኑን አይስተውም።

ሊቀመንበራችን አቶ ዓምሃ አዲስ አበባ ሳሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ፕሮቶኮል ክፍል ያገለገሉ፣ ኦስሎ መጥተው ሆስፒታል መጋዘን ሲገቡም ፕሮቶኮሉን ከእጃቸው ያልጣሉ ሰው ናቸው። ጉዞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቦቢሉን ካቆምንበት ሊንደሩድ መጥተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞሩት። ጎኖቹ ላይ በቀድሞዎቹ ባለቤቶች ጊዜ የተለጠፈ ቡናማና ብርቱካናማ መስመር አለ፤ ፀሐይ በልቶት የደረቀ ሽሮ መስሏል። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንድ የባሕር ወፍ አለ፤ ስቲከሩ ስለተላጠ ግማሽ ክንፍ የለውም።

«በዚህ መልክ ነው ሕዝባችን ሰሜን ኖርዌይ የሚገባው?» አሉ።

ማናችንም ሕዝባችን ሰሜን ኖርዌይ ሊገባ መሆኑን አላወቅንም ነበር። የሚሄዱት እትዬ ወይንሀረግ መስለውን ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አርቀው ማየታቸው የታወቀ ነውና ጉዞው ለሁለት ሳምንት እንዲተላለፍ፣ የደበዘዘውም ስቲከር ተነቅሎ ለማኅበራችን በሚመጥን እንዲተካ በሙሉ ድምፅ ወሰንን። እትዬ ወይንሀረግም እጃቸውን አወጡ፤ ሁለት ሳምንት ምንም አይደለም ብለው።

ቅዳሜ ዱግናድ ወጣን። በዚህ አገር ሰው ተሰብስቦ በነፃ የሚሠራው ሥራ ዱግናድ ይባላል፤ እኛ የጨመርንበት ንግግሩን ብቻ ነው። ከንግግሩ በኋላ ስቲከሩን በሙቅ አየር እያለሰለስን በላስቲክ መፋቂያ ላጥነው፤ የቀረውን ሙጫም በመድኃኒት አጠብነው። ያኔ ነው ጉዱ የታየው። ከስቲከሩ ሥር የነበረው ቀለም ፀሐይ ሳይነካው ስለኖረ፣ መስመሮቹም ወፉም በደማቅ ነጭ ሆነው ከድሮው ይልቅ ጎልተው ብቅ አሉ። ነቅለን የጣልነው ወፍ ቁጭ ብሎ ያየን ጀመር።

ቢታንያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ በግራፊክስ ሥራ በቅርቡ የተቀጠረች አባላችን ናት። አዲስ ስቲከር ቢለጠፍ የድሮው ጥላ ዳርና ዳሩ ላይ ስለሚታይ ጎኑ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ በቀለም መሳል እንዳለበት አስረዳች። ለሊቀመንበሩ የተናገረችው «ዓምሃ፣ አንተ ታውቃለህ፣ ስቲከር አይሆንም» ብላ ነበር። አቶ ዓምሃ አንተ መባሉ ከወፉ ይልቅ አሳመማቸው፤ ቢሆንም ለሕዝብ ጥቅም ዋጡትና የውጭ ገጽታ ግራፊክስ ዐቢይ ኮሚቴ መቋቋሙን አበሰሩ።

እትዬ ወይንሀረግ ከኋላ ሆነው፣ «እስከዚያ ሶልቬግን ምን ልበላት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሂደት ላይ ነው ይበሏት» አሉ ሊቀመንበሩ።

ዐቢይ ኮሚቴው ግሮንላንድ በሚባለው የኦስሎ ሰፈር፣ ከአባላችን ከሩቂያ ሱቅ ጓዳ፣ በጤፍ ከረጢቶች መካከል ይሰበሰብ ጀመር። በጋው አለፈ፤ በረዶ ጣለ፤ እኛ ቀጠልን። በመጀመሪያ አንበሳ ይሳል ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሚሠራው ደሬሳ፣ የማን ዘመን አንበሳ እንደሆነ ይብራራልኝ አለ፤ ሲብራራ አራት ሰው ተቀያየመ። ባንዲራ ሲባል «የትኛው?» የሚል ድምፅ ከጤፉ ጀርባ መጣና ስብሰባው ራሱን በራሱ ዘጋ። የአገር ካርታ ቀረበ፤ እሱም ድንበሩ ላይ ሲደርስ ቀለሙ ከመፍሰሱ በፊት ወዳጅነት ስለሚፈስ ተሰረዘ። ሩቂያ፣ ሁሉም የሚስማማበት ነገር የሱቋ ስልክ ቁጥር መሆኑን በትሕትና ጠቆመች። ቢታንያ ደግሞ በነጭ ላይ ነጭ መስመር ብቻ የሚሳልበት ንድፍ አመጣች። ኮንሴፕቱ ዝምታ ነው አለች። ስለ ዝምታው ሦስት ስብሰባ ሙሉ ተናገርን።

በዚህ መሐል እትዬ ወይንሀረግ አንድ ጊዜ ድምፃቸውን አሰሙ። ዝም ብለን ነጭ ቀብተነው ብንሄድስ አሉ። ሊቀመንበሩ ለገንቢ አስተያየታቸው ምስጋና አቅርበው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ። ቢታንያም ከስብሰባው በኋላ ለብቻቸው ወስዳ፣ ነጭ መቀባትና በነጭ ላይ ነጭ መሳል እጅግ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በደግነት አስረዳቻቸው። እሳቸውም ሰሟት። ሶልቬግ እንደገና ደውላ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን እንደነገረቻቸው ያን ቀን ለእኔ አጫወቱኝ፤ እኔም ጉዳዩን ለኮሚቴው እንደማቀርብ ቃል ገባሁላቸው፤ አቀረብሁም። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚለው ሥር ተያዘ።

ሁለተኛው በጋ መጣ። ቦቢሉ ግማሽ ጎኑ ታሽቶ፣ ግማሹ ሳይታሽ፣ ተላጭቶ ያላለቀ ራስ መስሎ ቆሟል። ሐምሌ ላይ እትዬ ወይንሀረግ ከሁለት ስብሰባ ቀሩ፤ ድምፀ ተአቅቦ ተደርጎ ተወሰደላቸው። ሲመለሱም መቼ ነው የምንሄደው ማለታቸውን ፈጽሞ ተዉ። ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ሹራባቸውን እየሠሩ፣ ሁላችንንም በፍቅር ያዩናል። አቶ ዓምሃ ይህን ለወጣቶቹ በምሳሌነት አነሡት፤ ለተቋማዊ አሠራር ያለ አመኔታ ማለት ይህ ነው አሉ።

መከር ላይ ታላቁ ግኝት መጣ። ደሬሳ በአንድ ረጅም ስብሰባ መጨረሻ ላይ፣ እስካሁን ማንም ያልተቃወመው ሥዕል አንድ ብቻ መሆኑን አስተዋለ፤ እሱም ነቅለን የጣልነው ነው። ቡናማና ብርቱካናማ መስመር፣ ከበሩ አጠገብም የባሕር ወፍ። ሁሉም ወፉን በልቡ መረመረው። ወፉ ከማንም ወገን አይደለም፤ ዘመዱም እዚህ ስብሰባ ውስጥ የለም። በጭብጨባ ጸደቀ።

ወፉ ቢጸድቅም አቅጣጫው አልጸደቀም ነበር። በግራ ጎን ወደ ፊት ካየ በቀኝ ጎን ወደ ኋላ ማየቱ ነውን? ሁለቱም ወደ ፊት ካዩስ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ አይሆንምን? ይህ ጥያቄ ክረምቱን በሙሉ አሞቀን። በመጨረሻ ሁለቱም ሾፌሩ የሚያየውን እንዲያዩ ተወሰነ፤ ሾፌር ሲመረጥ።

ሥራው፣ እውነት ነው፣ አምሮ ተሠራ። ቢታንያ ጎኑን አሳሽታ፣ መነሻ ቀለም አስቀብታ፣ በወረቀት ፕላስተር መስመሩን ለክታ ሁለት ዙር ራሷ ቀባች፤ በላዩም የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አለበሰችው። ወፉ ሁለቱም ክንፎች አሉት። እንዲያውም ላባው አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጎረቤት ኖርዌጂያኖች ቆመው ፎቶ ያነሡት ነበር፤ አንዱ ሽማግሌማ የወጣትነቱን መኪና ያየ መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በ2016 ሐምሌ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የምረቃ በዓል ሆነ። ሪባን ተወጠረ፤ ማይክሮፎን ከነድምፅ ማጉያው መጣ። አቶ ዓምሃ ማኅበራችን ለእናቶቹ ያለውን ክብር በቀለም መጻፉን፣ ይህም በመላው ስካንዲኔቪያ ተምሳሌት መሆኑን ገለጹ። ከዚያ የክብር እንግዳዋ እትዬ ወይንሀረግ ወጥተው ሪባኑን እንዲቆርጡ ጋበዙ። ሁላችንም ዞር ዞር አልን። የሉም። ሊቀመንበሩ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ሕዝቡም ደስታቸውን እንዲካፈል ብለው ስልኩን ከማይክሮፎኑ አስጠጉት።

«እትዬ ወይንሀረግ፣ እየጠበቅንዎት ነው። መቀሱ በእጄ ነው።»

«ሶልቬግ ጋ ነኝ፣ አቶ ዓምሃ» አለ ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ውስጥ። ከጀርባቸው ነፋስና የባሕር ወፎች ጫጫታ ይሰማል።

«እንዴት ሄዱ?»

«በባቡር። እስከ ቦዶ አልጋ አለው። ተኝቼ መጣሁ፤ ከዚያ ጀልባ ነው።»

አቶ ዓምሃ ወደ እኛ ዞሩ። ከእኛ መካከል በባቡር ውስጥ አልጋ መኖሩን የጠየቀ አልነበረም፤ አጀንዳ ሆኖ ቀርቦ አያውቅማ።

«ባለፈውም በጋ መጥቼ ነበር» አሉ እትዬ ወይንሀረግ። «ያን ጊዜ በሕይወት አገኘኋት። አንድ ሳምንት አብረን ሰነበትን፣ ሳቅን። ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ፊቴን በእጇ ዳሰሰችው። እኔ በተመለስኩ በሳምንቱ ዐረፈች። አሁን የመጣሁት ሙት ዓመቷ ስለሆነ ነው፤ መቃብሯ ላይ አበባ ላኖር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ስለ ወፉ እየተነጋገራችሁ ነበር። ማቋረጡ ነውር መሰለኝ» አሉ፤ ያለ ምንም ቂም።

ሩቂያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ቢታንያ መሬት መሬት አየች። ደሬሳ መነጽሩን ጠረገ። በሕይወት ዘመናችን ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ንግግር ሳይጠይቅ ጸጥ አልን፤ ለአፍታም ቢሆን ሰው ልንሆን ተቃርበን ነበር።

ደግነቱ ሊቀመንበር ነበረን። አቶ ዓምሃ ስልኩን ዘግተው ኪሳቸው አኖሩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከረቫታቸውን አስተካከሉ።

«ክቡራትና ክቡራን» አሉ፣ «ማኅበራችን እትዬ ወይንሀረግን ወደ ሰሜን ኖርዌይ የማድረስ ዓላማውን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ሁለት ጊዜ፣ ከዕቅድ በላይ ማሳካቱን ስገልጽላችሁ ታላቅ ኩራት ይሰማኛል።»

ሪባኑንም ራሳቸው ቆረጡት። አጨበጨብን። ቀለሙ ላይ እስከ ዛሬ አንድም ጭረት የለም።